የአዋሽ ሸለቆ ካምፖች፦ ከቆቃ እስከ መልካ ወረር

በመልካ ወረር፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ ሰው «ካምፕ» ሲል በመጀመሪያ የሚያስበው የእርሻ ሠራተኛ ሰፈርን ነው። በብሎኬት የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ፣ በረድፍ የቆሙ ቤቶች፤ በስተጀርባቸው ቦይ፣ ከቦዩ ማዶ የጥጥ ማሳ። የቤቱ ቁልፍ ከቅጥር ደብዳቤው ጋር ይሰጥ ነበር፤ ሥራው ሲያበቃም ይመለስ ነበር። በካምፕ ተወልዶ ያደገ ሰው ትውልዱን ሲጠየቅ ከአባቱ አገር አስቀድሞ «የካምፕ ልጅ ነኝ» ማለቱ የተለመደ ነው።

መልካ ወረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 740 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአዋሽ ዳር ትገኛለች። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ወንዙ ከላይ እስከ ታች በመልካዎች የተሞላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 38 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ፀሐይ ልታተን የምትችለው ውሃ ግን የዚህ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ስፍራ ጥጥ ማብቀል የሚቻለው በወንዝ ውሃ ብቻ ነው።

ከእርሻው በፊት ስፍራው የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር። አዋሽ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ጎርፉ ሲሸሽ ሣር ይተዋል። ከብቱ በዝናብ ወራት ወደ አሊደጌ ሜዳና ወደ ሌሎች ደረቅ መስኮች ይወጣል፤ ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ቤቱም ከዚህ ኑሮ ጋር የሄደ ነው። የአፋር ቤት ዓሪ ይባላል፤ በተጎበጡ እንጨቶች ላይ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን የሚለብስ ክብ ጎጆ ነው። የሚሠሩትና የሚያፈርሱት ሴቶች ናቸው፤ ሲፈርስ ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል። በዚህ ሸለቆ ከእርሻው ቀደም ተተክሎ የሚቀር ግንብ ያመጣው ባቡር ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ መስመር አዋሽ ላይ ጣቢያ ሠርቶ፣ ጣቢያው ለአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ መነሻ ሆኗል። ከባቡሩ መስመር በስተሰሜን ግን ሸለቆው እንደነበረ ቆየ።

ለውጡ የመጣው ከኢጣሊያ ጦርነት በኋላ ነው፤ መነሻውም ከወንዙ በጣም ሩቅ ነበር። ኢጣሊያ በየካቲት 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በፈረመችው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነባት። ክፍያው ብዙ አከራከረ። በመጨረሻ በ1948 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት የካሳው ገንዘብ በአዋሽ ላይ ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ግድብ እንዲውል ተደረገ። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቆ ሥራ ጀመረ። የታሰበው ለመብራት ይሁን እንጂ ለሸለቆው ታሪክ የሚበልጠው ሁለተኛ ሥራው ነው፦ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ይለቀዋል። ከግድቡ በታች ያለው አዋሽ ዓመቱን ሙሉ ሊጠለፍ የሚችል ወንዝ ሆነ። ለአፋሩ ከብት ሣር ያበቅል የነበረው ጎርፍም በዚያው ልክ ቀነሰ።

የካምፕ ኑሮ አርአያ የመጣው በላይኛው አዋሽ ካለችው ከወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የስኳር እርሻው በኢንዶኔዥያ ነበር። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ሌላ መሬት መፈለግ ጀመረ፤ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በ1943 ዓ.ም. ተዋውሎ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አስመረቀ። ከስምንት ዓመት በኋላ የሸዋ ፋብሪካ ተከተለ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያም መተሐራ። ኩባንያው ከስኳሩ ጋር አንድ ሙሉ የኑሮ ሥርዓት ተከለ። ለሆላንዶቹ ሰፊ ግቢና የአበባ አጥር፣ ለጸሐፊውና ለመካኒኩ መለስተኛ ቤት፣ ለአገዳ ቆራጩ በማሳው መካከል የተበተነ መንደር። ሰው በደረጃው ይኖራል፤ ዕድገት ሲያገኝ ሰፈር ይለውጣል። ሐኪም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክበቡ፣ የኳስ ሜዳው የኩባንያው ነው። ውሃውም የኩባንያው ነበር፤ የዚያ ውሃ መዘዝ ግን ዘግይቶ ታወቀ። ከጉድጓድ የሚቀዳው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የመንደሮቹን ልጆች ጥርስ አበለዘ፤ ለረጅም ዓመት የጠጡትን ሠራተኞች ደግሞ አከርካሪና መገጣጠሚያ እያደረቀ ያጎበጣቸው ጀመር። ሐኪሞች የአጥንት ፍሎሮሲስን በኢትዮጵያ በሰፊው ያጠኑት በእነዚሁ ሠራተኞች ላይ ነው። ሠራተኛን አንድ ላይ ማስፈር ኩባንያው ያላሰበው ሌላ ውጤትም ነበረው። በወንጂ መንደሮች አብሮ የኖረው ሠራተኛ በአገሪቱ ቀድሞ ከተደራጁት አንዱ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረትም ድርሻው ትልቅ ነው።

ቆቃ ከተጠናቀቀ በኋላ የእርሻው ዓይን ወደ ታች ወረደ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የወንዙን ውሃና በዳርቻው ያለውን መሬት ለልማት ማዋል የእርሱ ድርሻ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በታችኛው አዋሽ የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበርን አቋቁሞ ዱብቲ ላይ ጥጥ መዝራት ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በተለምዶ ፋኦ የሚባለው፣ የተፋሰሱን አፈርና ውሃ አጥንቶ በ1957 ዓ.ም. ውጤቱን አቀረበ። የመልካ ወረር የምርምር ጣቢያ የተወለደው ከዚህ ጥናት ጋር ነው። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በየካቲት 1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ጣቢያው በሥሩ ገባ፤ ዋና ሥራው በመስኖ የሚለማ ጥጥ ሆነ። አካላ የሚባሉት የጥጥ ዝርያዎች ለሸለቆው የተመረጡት እዚሁ ተሞክረው ነው። ተመራማሪው፣ ትራክተር ነጂውና ሙቀት መዝጋቢው በጣቢያው ግቢ ቤት ተሠራላቸው። ሕዝቡ ግቢውን «ሪሰርች» ይለዋል፤ ዛፉ ስለበዛና ጥላው ስለጠነከረ ከሩቅ ይለያል።

ከጣቢያው ግራና ቀኝ እርሻዎቹ ተከተሉ። መልካ ሰዲ ጥጥና ሙዝ፣ አሚባራ ጥጥ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዓለም ባንክን ጨምሮ የውጭ አበዳሪዎች የገቡበት የአሚባራ መስኖ ፕሮጀክት ተነደፈ፤ ዓላማው ከወንዙ በጠለፋ በሚመጣ ውሃ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ ማልማት ነበር። ለዚህ ሁሉ ማሳ የሚበቃ ሰው በስፍራው አልነበረም። አፋሩ ከብቱን ትቶ ጎንበስ ብሎ ጥጥ የሚለቅምበት ምክንያት አልታየውም፤ ከእርሻው ሥራ በብዛት የወሰደው የጥበቃውን ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ከደጋ መጣ፤ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም።

የካምፑ ዓመት በጥጡ ይቆጠር ነበር። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይዘራል። ከዚያ መኮትኮት፣ ማሳሳት፣ ማረምና ውሃ ማጠጣት ይመጣል። ውሃ አጠጪው ሌሊትም ይሠራል፤ ጎማ ጫማና ባትሪ ይዞ ከቦይ ቦይ ይዞራል፤ ውሃው የቦዩን ግንብ ጥሶ እንዳይወጣ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ክረምት ላይ ጓይ ትል ይገባል፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መድኃኒት ይረጫል፤ የካምፕ ልጆች አውሮፕላኑን ለማየት ይሮጣሉ። ሽታው ቤት ድረስ ይከተላል። ይህን ትዝታ ብዙዎች በደስታ ያወሩታል፤ የሚረጨው ምን እንደነበረ ሲታሰብ ግን ደስታው ይቀንሳል፤ ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን ከሚረጩት መካከል ነበሩና። ከጥቅምት እስከ ጥር ለቀማ ነው። በዚያን ጊዜ የካምፑ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ያብጣል፤ ለቃሚ በጭነት መኪና እየተጫነ ይገባል።

ቋሚና ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚለያዩት በደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ በጣሪያው ይታያል። ቋሚው በብሎኬት ቤት አንድ ወይም ሁለት ክፍል አለው፤ ኃላፊው መስኮቱ ላይ የትንኝ ወንፊት፣ ጣሪያው ላይ ኮርኒስ፣ ቤቱ ዙሪያ በረንዳ ይጨመርለታል። ጊዜያዊው በሣር ጎጆ፣ በሸራና በላስቲክ ዳስ፣ ወይም ብዙ ሰው አንድ ላይ በሚያድርበት ረጅም አዳራሽ ይሰፍራል። ገና ሳይነጋ ካቦው ይጠራል፤ ሠራተኛው በትራክተር ተጎታች ላይ ቆሞ ወደ ማሳ ይሄዳል። ለቃሚው ጆንያ ወገቡ ላይ አስሮ ረድፉን ይይዛል። ክፍያው በኪሎ ነውና ቀኑ የሚያልቀው ሚዛኑ ዘንድ ነው፤ ጭቅጭቁም የሚበዛው እዚያው ነው። በሙቀቱ ወራት የቆርቆሮ ቤት ሌሊት አያስተኛም፤ ሰው አልጋውን አውጥቶ ደጅ፣ አጎበር ያለው አጎበር ዘርግቶ ይተኛል። የአፋር ሴቶች ጠዋት ወተት ይዘው ካምፕ ይመጣሉ፤ በወተቱ ዋጋ እህልና ስኳር ገዝተው ይመለሳሉ። ካምፑና አርብቶ አደሩ በየቀኑ ሳይጣሉ የሚገናኙበት ዋናው ስፍራ ይህ የወተት ገበያ ነበር።

ለደጋ ሰው የመጀመሪያው ጠላት ወባ ነው። ሰውነቱ ስለማያውቃት በመጀመሪያው ክረምት ትጥለዋለች፤ ቦዩና የታቆረው ውሃ ደግሞ ለትንኟ ተጨማሪ መራቢያ ሆነላት። የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሠራተኞች በርሜላቸውን ተሸክመው የየቤቱን ግድግዳ በዲዲቲ ይረጩ ነበር። ሁለተኛው ከቦዩ የወጣው ቢልሃርዝያ ነው። ቀንድ አውጣዋ ረጋ ባለ ውሃ ትኖራለች፤ ልጁ ሲዋኝ፣ እናቱ ልብስ ስታጥብ፣ ውሃ አጠጪው ሲሠራ ትሉ በቆዳ ይገባል። በላይኛው አዋሽ፣ በወንጂና በመተሐራ፣ የተስፋፋው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ በመካከለኛው አዋሽ የሽንት ፊኛው ዓይነት ነበር፤ ሽንቱ ደም የሚሆን ልጅ በሰፈሩ እንግዳ አልነበረም።

ካምፖቹ በሰፉበት ጊዜ ለከብቱ የቀረው ጠበበ። እርሻዎቹ የያዙት ለም የወንዝ ዳር መሬቱን፣ ማለትም የበጋውን ግጦሽ ነው፤ ከላይ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሌላ ሰፊ ግጦሽ ወሰደ። ከሄክታር አንጻር ሲታይ ከአፋር ምድር የተወሰደው ጥቂት ይመስላል፤ ድርቅ ሲመጣ ግን የሰፊውን ሜዳ ከብት የሚያኖረው ያ ጥቂቱ ነው። ከብት ማሳ ገባ፣ ተያዘ፣ ቅጣት ተጠየቀበት፤ በዚህ መነሻ የሰው ሕይወት የጠፋበት ጊዜም አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናቡ ሲጠፋ ከብቱ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ ያገኘው ግን ጥጥ ነበር። ወሎን ያጠቃው ረኀብ አፋሩን አስቀድሞና ክፉኛ መታው። በካምፑ የእህልና የደመወዝ መኪና ይገባል፤ ከቦዩ ማዶ ከብት ያልቃል። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን አፋሮችን በመስኖ ለማስፈር አሚባራ ላይ የጀመረው ሥራ ከእርሻዎቹ ስፋት ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ፣ አወጀ፤ የኩባንያዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። ራሳቸው ትልቅ የጥጥ ገበሬ የነበሩት የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ በዚያው ዓመት ከአገር ወጡ፤ በታችኛው አዋሽ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመልካ ወረር አካባቢ ለውጡ በዕለት ኑሮ ላይ ሲታይ ዝግ ያለ ነበር። የቤቱ ባለቤት ስሙን ለወጠ፤ ቁልፉ እንደ ቀድሞው ከሥራ ጋር የሚሰጥ ነበር። የኃላፊው በረንዳ ያለው ቤት ለአዲሱ ኃላፊ ሆነ። በካምፑ ቀበሌ፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበር፣ ስብሰባና መፈክር ተጨመሩ፤ መሠረተ ትምህርት ብዙ ጎልማሳ ፊደል አስቆጠረ።

1970ዎቹ የካምፑ ከፍተኛ ዘመን ናቸው። እርሻዎቹ በመካከለኛው አዋሽ እርሻ ልማት ድርጅት ሥር ተሰባሰቡ፤ የአሚባራ ቦዮች ተስፋፉ፤ የጥጥ መዳመጫው በለቀማ ወራት ሲሠራ ያድራል፤ የተዳመጠው ጥጥ በአቃቂ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ ወዳሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይጫናል። ከከምባታና ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጆች በአንድ ግቢ አድገው በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ አፋርኛ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። የካምፑን ኑሮ ድክመት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ምድር ላይ ኖሮ የባለምድሩን ቋንቋ ሳይማር የቀረ ሰፈር ነበር።

ጉዳቱ ከመሬት በታች እየመጣ ነበር። ውሃ ያለልክ ይለቀቃል፤ የሚያንጠፈጥፍ የውስጥ ቦይ አልነበረም። እርሻው ሲጀመር አሥር ሜትር ገደማ ጠልቆ ይገኝ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ በአሥራ አምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ተክሉ ሥር ተጠጋ፤ ሲተን ጨዉን ላይ ትቶ ይሄዳል። በመልካ ሰዲ ማሳው ነጭ እየለበሰ ከእርሻ ወጣ፤ ሙዙ ጨው አይችልምና ቀድሞ ተጎዳ። ከመሬት በታች የተቀበረ ማንጠፍጠፊያ ቱቦ ኋላ ተዘረጋ፤ የተከፈተ ማሳ ሁሉ ግን አልዳነም። በዚሁ አሥር ዓመት ፕሮሶፒስ የሚባለው የውጭ ዛፍ ለጥላና ለነፋስ መከላከያ በካምፖቹና በቦዮቹ ዳር ተተከለ። ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በፋንድያው በተነው፤ ዛፉ ግጦሹን፣ መንገዱንና ቦዩን ወረረ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ አሉት፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በብዙ ሰው አፍ «ወያኔ» ሆነ። ሁለቱም ስሞች ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ካምፖቹ በአንድ ጊዜ ተናወጡ። የአፋር ጎሣዎች መሬታቸውን መልሰው ያዙ፤ ከእርሻው ሰፊ ክፍል ለእነርሱ ተመለሰ። ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ ከስደት ተመለሱ፤ የአፋር ክልል ተቋቋመ። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ከፊሉ ወደ ወላጆቹ አገር ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ መሬትም ቤትም አልጠበቀውም። ከፊሉ ቀረ። የቀሩት በካምፑ ቤት ውስጥ ያለ ደመወዝ የኖሩበት ጊዜ ነበር፤ ቤቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት እየጠበበ፣ ወይም እየተዘጋ፣ ወይም ስሙን እየለወጠ ሄደ። ጎሣዎቹ መሬቱን ከባለሀብቶች ጋር ምርት እየተካፈሉ ማሳረስ ጀመሩ። ባለሀብቱ ለዓመት ለሁለት ዓመት የሚያርስ ስለሆነ ቤት አይሠራም፤ ለቃሚው እንደገና በላስቲክ ዳስ አደረ።

መልካ ወረር ራሷ በዚህ ሁሉ መካከል ከካምፕ ወደ ከተማነት ወጣች። መኪና መንገዱ ዳር ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ጫት መሸጫ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተሠሩ፤ አሁን የአሚባራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ክልሉ መዲናውን ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲያዛውር ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ቤቶች በረድፍ ተገነቡ፤ የመሥሪያ ቤት ቤት ልማድ ከሸለቆው አልወጣም። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ሸንኮራ መጣ፤ የከሰምና የተንዳሆ ስኳር ፋብሪካዎች ከነሠራተኛ መንደሮቻቸው ተተከሉ፤ ከአሚባራ የቀድሞ ጥጥ ማሳዎችም ለከሰም አገዳ የሚሆን ተለየ። በቀድሞው የመልካ ወረር ጣቢያ፣ በዛሬው የወረር ምርምር ማዕከል፣ ሙቀት የሚችል ስንዴ ተሞክሮ ጋአምቦና ፈንታሌን የመሳሰሉ ዝርያዎች ወጡ፤ አንድ ጊዜ ጥጥ ብቻ ይታይበት በነበረው ሜዳ በበጋ ስንዴ ታየ።

ወንዙም ዝም አላለም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ በአሚባራና በገዋኔ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቀለ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ለሳምንታት ተንቀጠቀጠ፤ በወሩ 26ኛ ቀን የተመዘገበው መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.7 ገደማ ነበር። በዱለቻና በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳዎች የብሎኬትና የድንጋይ ቤቶች ተሰነጠቁ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው በድንኳንና በላስቲክ መጠለያ አደሩ።

የወረር የምርምር ማዕከል ዛሬም በሥራ ላይ ነው።